ርቦህ ነበር

የባለቤቴ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን ከጎንደር ተነስቼ ገንዳ ውሃ እናቴ ዘንድ ወረድኩ። ኅዳር ነው። በየደጁ ሰሌን ተዘርግቶ ሰሊጥ ተሰጥቷል። ከአውቶቡስ ከወረድኩበት ጀምሮ እስከ ቤት ድረስ የተከተለኝ ሽታው ነው፤ ፀሐይ የመታው ሰሊጥ ሽታ። እማ የምለብሰው ነጠላ ልታወጣልኝ ሳጥኗን ስትከፍት ግን ከሰሊጡ ስር ሌላ ሽታ መጣ፤ የቆዳ፣ የላብ፣ የአሮጌ ሰም። ከልብሱ መካከል የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጥቁር ነገር መሬት ላይ ወደቀ።

"ታስታውሽዋለሽ?" አለችኝ።

ክታቤ ነበር። ያነሳችው እሷ ናት። እስከ ዛሬ በባዶ እጄ መንካት ይከብደኛል።

ስለ ክታቡ ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ስልኬ ላይ ከባለቤቴ የመጣ የመጨረሻ መልእክት አለ። ለሥራ ከሄደበት ከአብርሃ ጅራ የላከው ነው። "ደህና ነኝ። አትምጪ። እዚህ ዝናብ ነው።" ይላል። ስንለያይ ተጣልተን ነበር፤ በምን እንደሆነ መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ትንሽ ነገር ነው። ትኩሳት እንደያዘው ከሰው ሰምቼ ልምጣ ብዬ ብጽፍለት የመለሰልኝ ይህንን ነው። በማግስቱ ሞተ። አርባ ቀን ሙሉ መልእክቱን ያነበብኩት በአንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ በቁጣ። "አትምጪ" የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ በር እንደሚዘጋ ሰው ነው የሚጮኸው።

እንደዚህ ማንበብ ስህተት ሊሆን እንደሚችል አንድ ሰው አስተምሮኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ነው።

መምህር ያየህ የአማርኛ አስተማሪያችን ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ሰው። በዚያ ሁሉ ሙቀት የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ አያውቅም፤ ቢምቢ ይፈራል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ሐሰን፣ ከድንበሩ ከተማ ከመተማ ዮሐንስ የመጣው ልጅ፣ አንድ ቀን "ቲቸር፣ የኛ አገር ወባ እኮ ሸሚዝ አትፈራም" አለው።

"ባትፈራም ታፍር ይሆናል" አለ መምህር ያየህ።

የዚያን ዕለት ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፈ። "መጣህ?" የምትል። አንብቡ አለን፣ አነበብን። ከዚያ እሱ ራሱ አነበባት። መጀመሪያ ልጇ ከሩቅ አገር እንደገባላት እናት፤ ቀጥሎ ሌባ አድፍጦ እንደሚጠብቅ ዘበኛ። ሁላችንም ሳቅን። በሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል፣ ሊሞት አልጋው ላይ የተኛ ሰው የሚጠብቀው ነገር ሲደርስ እንደሚለው አድርጎ አነበባት። "መጣህ?"

ማንም አልሳቀም።

"ፊደሏ አልተለወጠችም" አለ። "የተለወጠው ቃናው ነው። ጽሑፍ ስታገኙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ይናገራል? ለማን? ምን ተሰምቶት? ቃና ማለት ከቃሉ ጀርባ የቆመው ሰው ነው።"

እኔ ሞኝ ነበርኩና ያለውን እንዳለ ተቀበልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጻፈ ነገር ባየሁ ቁጥር ከጀርባው ሰው የቆመ ይመስለኝ ነበር። እማ በምትሰፋው የሰሊጥ ጆንያ ላይ፣ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ በጭነት መኪና ጭቃ መከላከያ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ትንሽ ዞር ብዬ ከኋላው ለማየት እሞክራለሁ።

ወሩ የአጨዳ ወር ነበር። ሳሉግ የምንላቸው የጉልበት ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከየደጋው የሚወርዱበት ጊዜ ነው። ሥራ እስኪያገኙ ድረስ በመጋዘኑ በረንዳ ነጠላቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው፣ ተደርድረው ይተኛሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ እግራቸውን አያለሁ። ከእያንዳንዱ አንድ ጣት ሲንቀሳቀስ ሳላይ አላልፍም ነበር።

ጆንያ ልታደርስ ስትሄድ ወይም እነሱ በደጃችን ሲያልፉ፣ እማ አንዱንም ሳትጠይቅ አትለቅም።

"ስምህ ማነው የኔ ልጅ?"

"ሙሉጌታ።"

"አገርህስ?"

"እስቴ።"

"ወላጅ አለህ?"

"እትዬ፣ ቆጠራ ነው እንዴ?"

"ቆጠራ ነው። ተናገር!"

ይስቁና ይነግሯታል። ውሃ ትሰጣቸዋለች፣ ቤት ያፈራውን ትሰጣቸዋለች። እኔ የጠፋ ወንድም ያላት ይመስለኝ ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ስርም አልፎ አልፎ የተቀቀለ ማሽላ በጣሳ ታስቀምጣለች፤ ያንን ለወፎች ይመስለኝ ነበር። የዛፉን ፍሬ ግን ጣፋጭ ሆኖ ሳለ እንዳልበላ ከልክላኛለች። "የሰው ነው" ትላለች። የማን እንደሆነ አትናገርም።

መምህር ያየህ የቤት ሥራ ሰጠን። "ከቤታችሁ የተጻፈ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ አምጡ። ክፍል ውስጥ እንደ ቃናው ታነቡታላችሁ። ተሳስቶ ያነበበ፣ ለምን እንደተሳሳተ ያስረዳል።" ልጆቹ ምን እንደሚያመጡ ማውራት ጀመሩ። አንዷ የሠርግ ጥሪ፣ አንዱ የመድኃኒት ወረቀት፣ ሐሰን ድንበሩ ላይ በገመድ ከተንጠለጠለው ሰሌዳ "ማለፍ ክልክል ነው" የሚለውን ገልብጦ ሊያመጣ።

እቤታችን ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። አባቴ በአንድ ባለሀብት እርሻ ትራክተር ይነዳል፤ ከሰኔ ወጥቶ የሚመለሰው በታኅሣሥ ነው። እማ ፊደል አልቆጠረችም። ሁለት ቀን ሳስብ ቆይቼ በሦስተኛው ትዝ አለኝ። የተጻፈ ነገር አንድ ነበረን፤ እሱም አንገቴ ላይ ነበር።

ክታቡን ከአራት ዓመቴ ጀምሮ አውልቄው አላውቅም። ለንዳድ ነው፣ አይከፈትም፣ ከተከፈተ ይሞታል ይባላል። ክታቡ ይሙት ወይስ እኔ፣ ጠይቄ አላውቅም።

እማ መጋዘን በሄደችበት በአንድ ቀትር ምላጭ ይዤ ቁጭ አልኩ። ቀትር በኛ አገር የሰው ድምፅ የሚጠፋበት ሰዓት ነው፤ ውሻ እንኳ አይጮኽም። ስፌቱን አንድ በአንድ በጠስኩት። ከቆዳው ውስጥ በሰም የተነከረ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ ደግሞ የታጠፈ ብራና ወጣ። ራስጌው ላይ የግዕዝ ጸሎት ነበር፣ አልገባኝም። ከስሩ ግን በቀይና በጥቁር፣ በአማርኛ፣ እንዲህ ይላል፤

"አንተ ስምህ ያልታወቀ፣ አገርህ ያልታወቀ፣ ከደጃችን ወድቀህ የቀረህ፤ አስሬሃለሁ። ወደዚህች ልጅ እንዳትመጣ። በቀትር ስሟን እንዳትጠራ። ከበሯ እንዳትቆም። ዶሮዋን የበላህ አንተ ነህ፤ ማንም አልሰጠህም። ባለህበት ተኛ።"

ከዚያ ባዶ ቦታ አለ። ከባዶው ቦታ በታች፣ በትንንሽ ፊደል፤

"ርቦህ ነበር። እኔ አላየሁህም።"

ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ብራናውን መለስኩና በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። ቀና ስል ደጃችን ላይ ፀሐዩ ነጭ ነበር። የተሰጣው ሰሊጥ ፍሬ የያዘበት ቆባ በሙቀቱ እየተከፈተ ጠሽ ጠሽ ይላል፤ የሆነ ሰው ከንፈሩን እየላሰ ይመስል ነበር።

ክፍል ውስጥ ተራዬ ሲደርስ ቆሜ በኃይል አነበብኩት። "አስሬሃለሁ" ስል በእጄ ጠረጴዛውን መታሁ። የመጨረሻዋንም መስመር ጮኬ ነው ያልኳት።

"ያ ሰላም! በንባብ ገደለችው!" አለ ሐሰን፤ ክፍሉ አጨበጨበ።

መምህር ያየህ አላጨበጨበም። "ቃናው ምንድን ነው?"

"ቁጣ።"

"ማን ነው የሚቆጣው? ማንን?"

"ቄስ፣ ሰይጣንን።"

"ሰይጣን ዶሮ ይበላል?"

ልጆቹ ፈነዱ። እሱ ግን ደብተሬን ተቀብሎ ለራሱ አነበበ፤ ከባዶው ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ከዚህ በላይ ያለው ቁጣ ነው፣ ልክ ነሽ። ትእዛዝ ነው። እስቲ ይቺን የመጨረሻዋን ደግመሽ አንብቢያት። ቀስ ብለሽ።"

"ርቦህ ነበር። እኔ አላየሁህም።"

"የተቆጣ ሰው የሚቆጣበት ሰው መራቡ ትዝ ይለዋል?"

ደብተሬን ወደ ክፍሉ አዞረው።

"አይለውም። እዚህ ጋ ሌላ ሰው ገብቷል" አለ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ በሩን አየ። ማንም አልነበረም። የጣራው ቆርቆሮ በፀሐዩ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር።

ከትምህርት በኋላ አስቀረኝ። "ከየት ነው ያመጣሽው?"

አንገቴን ነካሁ። ደብተሩን የያዘው እጁ ወደኋላ ሸሸት አለ።

"እኔም ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት" አለ ቀስ ብሎ። "እንዲህ ያለው ለሕያው ሰው አይጻፍም።"

"ለማን ነው ታዲያ?"

"እናትሽን ጠይቂ።" ትንሽ አሰበና "አይ፣ አሁን አትጠይቂ" አለ። ከዚያ እጅጌውን ይዞ ወጣ። ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከቢምቢ በቀር የሚፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በተከታዩ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ እቤት ብቻዬን ነበርኩ። አንገቴ ላይ ክታቡ የከበደ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ነው የምሄደው። ጎድጓዳ ሳሕን ላጥብ ወደ ደጅ ብወጣ ከአጥሩ በር ላይ ሰው ቆሟል። ነጠላውን እስከ ግንባሩ ተከናንቧል። ማጭዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ብብቱ ስር ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ እግሩ አቧራ ለብሶ ነጭ ሆኗል።

"ውሃ" አለ።

ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። እማ እንደምትጠይቅ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ።

"ስምህ ማነው?"

"ምን ያደርግልሻል?" አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ከዚያ ይልቅ በጣም የደከመው ሰው ድምፅ ነበር፤ ይህን ግን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው የክታቡ ቃል ነው።

"ማንም አልሰጠህም!" ብዬ ጮህኩበት። "ባለህበት ተኛ!"

ሰውዬው አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ሳብ አድርጎ በአጥሩ ጥግ፣ ወደ ቁርቁራው ዞረና ሄደ።

እማ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አቧራውን አየች። "ሰው መጥቶ ነበር?"

"አዎ።"

"ምን አለ?"

"ውሃ።"

"ሰጠሽው?"

"አልሰጠሁትም።"

እናቴ እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ነጠላዋን ጥላ፣ ጆጉን ሞልታ በባዶ እግሯ ወደ ፀሐዩ ሮጠች። እስከ መጋዘኑ ሄዳ፣ በረንዳው ላይ የተኙትን አንድ በአንድ ገልጣ አየች አሉ። ማንም እንዲያ ያለ ሰው አላየሁም አላት። ስትመለስ ጆጉ እንደሞላ ነበር። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እግሬ ስር ቁጭ ብላ ፊቴን ልታብስ የዘረጋችው እጇ አንገቴ ላይ ቆመ። ክታቡን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ጆንያ የሰፋች ሴት ናት።

"ይሄ የኔ ስፌት አይደለም" አለች።

ትምታኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ከጎኔ ተቀመጠችና ነገረችኝ።

አራት ዓመቴ ነበር። ንዳድ ይዞኝ ሰባት ቀን አልነቃሁም። የእንቁጣጣሽ ዕለት እማ ጭዳ አደረገችልኝ። ቀይ ዶሮ ሦስት ጊዜ በራሴ ዙሪያ አዞረች፣ እግሩን አስራ መንታ መንገድ ላይ ጣለችው። በሽታው ከሰው ወደ ዶሮው ይሄዳል፤ ያንን ዶሮ ያነሳ ደግሞ በሽታውን ያነሳል። ስለዚህ ማንም አይነካውም።

"ጠዋት እቁርቁራው ስር አገኘነው" አለች። "አንድ ሳሉግ። ወጣት ነው። ላባው በዙሪያው ተበትኗል፣ አመዱ ገና ሞቃት ነው። አንገቱ ላይ ማተብ ስላለው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ስሙን የሚያውቅ ጠፋ፤ ስንት ሰው ጠየቅን። አንች በዚያው ጠዋት ተነስተሽ 'ራበኝ' አልሽኝ።"

"ንዳድ ይሆናል የገደለው፣ እማ። መምህራችን በዚህ አገር ሰው የሚገድል ንዳድ ነው ይላል።"

"እኔም እንደዚያ እላለሁ። ቀትር እስኪሆን።" ወደ ቁርቁራው አየች። "ታውቂያለሽ ምን እንደሚያቃጥለኝ? ደጋም ጭዳ አለ። የታሰረ ዶሮ መንታ መንገድ ላይ ምን እንደሆነ ያውቃል። እያወቀ ነው የበላው።"

ምላጩን አምጭ አለችኝ። ስፌቴን ራሷ በጥሳ ብራናውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"አንብቢልኝ። አሥር ዓመት አሸክሜሽ ምን እንዳሸከምኩሽ አላውቅም። እኔ ክታቡን ለጻፉት መሪጌታ 'ለምኑልኝ፣ ይቅር በለኝ በሉልኝ' ነው ያልኳቸው። ሲጽፉ ግን ቅንድባቸው ተኮሳትሮ ነበር። ቁጣ ጽፈውበት ይሆን ማሬ? ቁጣ ከሆነ እኮ ያ ልጅ አይተኛም። ለዚህ ይሆናል ውሃ ውሃ የሚለው።"

ጆጉን ይዘን ወደ ቁርቁራው ሄድን። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ከዛፉ ስር እንኳ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲርቀው እጅ እስኪገባ ድረስ ይሰነጠቃል። እማ ከስንጥቁ ዳር ተንበረከከች። "ጀምሪ" አለች።

ብራናውን አየሁ። ቃናውን አውቀዋለሁ፤ መምህሬ ፊት ተናግሬ ልክ ነሽ ተብያለሁ። መሪጌታው ሙታንን የሚያስሩበትን ቃል ጽፈዋል። የእናቴ ቃል ከታች ያለችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ እሷንም ምናልባት እማ ስታለቅስባቸው አዝነው የጨመሩላት ነች። እንዳለ ባነበው እናቴ ከዚያ ዛፍ ስር ዕድሜዋን ሙሉ አትነሳም።

"አንተ ስምህ ያልታወቀ" አልኩ።

መምህር ያየህ "መጣህ?" ያላትን ሦስተኛዋን ድምፅ ፈልጌ አገኘኋት። "አገርህ ያልታወቀ" የሚለውን፣ ሩቅ መንገድ የሄደ ልጅ እንደሚጠየቅ አድርጌ አነበብኩት። "አስሬሃለሁ" የሚለውን እናት ልጇን በአንቀልባ ስታዝል እንደምትለው። "ወደዚህች ልጅ እንዳትመጣ" ስል ለመንኩት። "ማንም አልሰጠህም" ላይ ድምፄ ተሰበረ፤ ይህን አስቤበት ያደረግሁት አልነበረም፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። "ባለህበት ተኛ።" ከዚያ ባዶውን ቦታ ያህል ዝም አልኩ።

"ርቦህ ነበር። እኔ አላየሁህም።"

እማ ቀና አለች። ፊቷ በእንባና በላብ ርሷል። "እንደሱ ነው ያልኩት" አለች። "ልክ እንደሱ ነው ያልኩት!" ጆጉን አንስታ ውሃውን በስንጥቁ ውስጥ አፈሰሰች። መሬቱ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወሰደው። ውስጥ፣ በጣም ከታች፣ ጉሮሮ ሲውጥ የሚሰማ ድምፅ ሁለታችንም ሰማን። ተያየን።

ከዚያ በኋላ ክታቡን አንገቴ ላይ አላሰረችልኝም። የቤት ሥራዬን መምህር ያየህ መልሶ ሰጠኝ፤ በቀይ "ቃናውን ዘግይታ አገኘችው" ብሎ ጽፎበታል። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሩ ተዛወረ።

እነሆ አሁን እማ አርጅታለች። ጆሮዋ ደክሟል፤ የምትሰማው የምትፈልገውን ብቻ ነው እያሉ ጎረቤቶቿ ያሾፉባታል። ክታቡን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታገላብጠው ቆየችና ሳላስበው እንዲህ አለችኝ፤

"ያን ቀን ያነበብሽልኝ የወረቀቱ እንዳልነበረ አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"የመሪጌታን ፊት አይቻለሁ እኮ። እንደዚያ የተኮሳተረ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ዝም ያልኩት ሙት ወረቀት ስለማያነብ ነው። የሚሰማው ድምፅ ነው፤ የሰማው ያንችን ነው።" ክታቡን ወደ ጎን አደረገች። "በይ እንግዲህ፣ የባልሽንም አንብቢልኝ። ከገባሽ ጀምሮ ስልክሽን እያየሽ ታለቅሻለሽ።"

ስልኩን አወጣሁ። እንደለመድኩት አነበብኩ። "ደህና ነኝ። አትምጪ። እዚህ ዝናብ ነው።"

"ምነው ትጮሂብኛለሽ? ቀስ ብለሽ።"

ደገምኩት። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ አቆምኩ። ተጣልቶ የሄደ ሰው፣ ትኩሳት ይዞት፣ ስለ ዝናብ ምን አስጻፈው? የአብርሃ ጅራ መንገድ በዝናብ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዋልካው መኪና ይውጣል። እሱም ያውቃል። የመምህሬ ጣት ከባዶው ቦታ ላይ ሲያርፍ አየሁት።

ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት፤ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

"እዚህ ዝናብ ነው።"

ደጁ ላይ ፀሐዩ ነጭ ነበር። ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና እንኳ አልነበረችም። እናቴ ግን "ዝናብ ነው ካለ ዝናብ ነው" ብላ ብድግ አለች፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ የተሰጣውን ሰሊጥ ልታስገባ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁና የሰሌኑን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት።